ቲሸርቱ ላይ ያለው ሥዕል ሲሰነጣጠቅብኝ

ሠዓሊዎች የሠሯቸውን ቲሸርቶች እሰበስባለሁ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ኪት ሄሪንግ እ.ኤ.አ. በ1986 ኒውዮርክ ውስጥ ፖፕ ሾፕ የተባለ ሱቅ ከፍቶ ሥዕሎቹን በቲሸርት ሲሸጥ ብዙዎች አጉረምርመውበታል። እኔ ግን ለግድግዳ ሥዕል አቅም የለኝም፤ ቲሸርት ይበቃኛል።

ባለፈው አንድ ወጣት ሠዓሊ ጥቂት ብቻ ካሳተመው አንዱን ገዛሁ። ሁለቴ ሳጥበው ሥዕሉ ተሰነጣጠቀ፤ አንድ ጥጉም ተላጠ። መጀመሪያ ሳሙናውን ጠረጠርኩ። ሳሙናው ንጹሕ ነው! ቀለሙ ፕላስቲሶል የሚባል ፕላስቲክነት ያለው የጨርቅ ማተሚያ ቀለም ነበር። እሱ ደግሞ በአየር አይደርቅም፤ ከላይ እስከ ታች 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መሞቅ አለበት። አታሚው ላዩን ብቻ አሙቆ ለቆታል።

ሰፈር ያለ ሌላ አታሚ ጋ ሂት ፕሬስ (ጨርቅን እያሞቀ የሚጫን ማሽን) አለ። መጀመሪያ በማላዝንለት አሮጌ ቲሸርት ሞከርን። ከዚያ የመጋገሪያ ወረቀት ደርበን፣ 160 ላይ፣ ብዙም ሳንጫነው 30 ሰከንድ ያህል አቆየነው። ጨርቁ ጥጥ ስለሆነ ነው የደፈርኩት፤ ፖሊስተር ቢሆን የጨርቁ ቀለም ሥዕሉ ላይ ሊወጣ ይችል ነበር።

ሲቀዘቅዝ ወጠር አደረግኩት። አዲስ ስንጥቅ የለም። የተላጠው ጥግ ግን እንደተላጠ ቀረ። አሁን ገልብጬ በቀዝቃዛ ውኃ በእጄ ነው የማጥበው።