አስጎብኚው ሲከስር ገንዘባችሁን ከማን ትጠይቃላችሁ?

በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 23 ቀን 2019 ሌሊት ላይ ቶማስ ኩክ ተዘጋ። 178 ዓመት የኖረ የእንግሊዝ አስጎብኚ ድርጅት ነው። የራሱ አውሮፕላን ነበረው፣ በየከተማው ሱቅ ነበረው። በዚያች ሌሊት ወደ 600 ሺህ የሚሆኑ ደንበኞቹ በየአገሩ ለእረፍት ወጥተው ነበር፤ ከእንግሊዝ የሄዱት ብቻ ከ150 ሺህ በላይ ነበሩ። በጁን 2024 ደግሞ የጀርመኑ ኤፍቲአይ ተከተለ፣ ያውም በአውሮፓ ሦስተኛው ትልቁ። ስለዚህ «ይሄ የሚያክል ድርጅት የት ይሄዳል» የሚለውን ተዉትና ምን እንደገዛችሁና እንዴት እንደከፈላችሁ እንይ። በዋናነት የምጽፈው አውሮፓ ላላችሁ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት

በረራና ሆቴል ተጠቅልሎ ከአንድ ሻጭ ሲገዛ ፓኬጅ ይባላል። በአውሮፓ ኅብረትም በእንግሊዝም ሕግ ፓኬጅ የሚሸጥ ድርጅት ቢከስር የደንበኛው ገንዘብ የሚመለስበትን ዋስትና አስቀድሞ መያዝ አለበት። ቲኬቱን ከአየር መንገዱ፣ ሆቴሉን ከሌላ ድረ ገጽ ለየብቻ ከገዛችሁ ይሄ ዋስትና የለም። አንዳንዴ ለየብቻው ይረክሳል፣ እሱን አልክድም፤ ግን ምን እንዳጣችሁበት እያወቃችሁ ግዙ።

እንግሊዝ ያላችሁ፣ በረራ ያለው ፓኬጅ ስትገዙ አቶል የሚባለውን፣ ሻጩ ቢከስር ገንዘባችሁ ዋስትና እንዳለው የሚያሳየውን ሰርተፍኬት ወዲያው ተቀበሉ። ሻጩ በእያንዳንዱ መንገደኛ 2.50 ፓውንድ ደንበኞች ወደሚካሱበት ፈንድ ያስገባል። አርማውን ማንም ኮፒ አድርጎ ሊለጥፈው ይችላል፣ ስለዚህ ሰርተፍኬቱ ላይ ያለውን የአቶል ቁጥር በእንግሊዝ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት፤ የሻጩ ስም ካልመጣ ይቅርባችሁ። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ዚሸሩንግስሻይን የሚባለውን የዋስትና ወረቀት ጠይቁ። እሱን ሳይሰጡ ቀብድም መቀበል አይፈቀድላቸውም። ቶማስ ኩክ ሲወድቅ የጀርመን ቅርንጫፉ ኢንሹራንስ የሚከፍለው ጣሪያ 110 ሚሊዮን ዩሮ ስለነበር ለደንበኞቹ አልበቃም፤ ቀሪውን መንግሥት ሸፈነ። ከዚያ በኋላ ነው በ2021 ለዚሁ ብቻ የሚሆን ፈንድ ያቋቋሙት፣ የኤፍቲአይንም ደንበኞች የካሰው እሱ ነው።

ከተቻለ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። እንግሊዝ ውስጥ ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ድረስ ለሚያወጣ ነገር ባንኩም አብሮ ተጠያቂ ነው። በእጅ የተሰጠ ጥሬ ገንዘብ ግን ምስክር የለውም።

እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ለገናና ለፋሲካ አገር ቤት ስንሄድ ብዙዎቻችን ፓኬጅ አንገዛም፤ የምንገዛው ቲኬት ብቻ ነው፣ እሱንም ከምናውቀው ወኪል። ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው የቦታ መያዣ ኮድ ቲኬት አይደለም። ወኪሉ ቦታ ይዞ፣ ገንዘባችሁን ተቀብሎ፣ ቲኬቱን ግን ሳይቆርጥ ሊቆይ ይችላል። በመሃል ቢከስር እጃችሁ ላይ የሚቀረው ኮድ ብቻ ነው። 13 አሃዝ ያለውን የቲኬት ቁጥር ጠይቁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲኬት ከሆነ በ071 ይጀምራል። ከዚያ አየር መንገዱ ጋ ራሳችሁ ደውሉና «ተቆርጧል ወይ?» በሉ። ወኪሉ የአገር ልጅ ነው፣ አያደርገውም ትሉ ይሆናል። የአገር ልጅም ይከስራል።

እዚያው እያላችሁ ቢዘጋ

መጀመሪያ ነገር፣ ተደናግጣችሁ ቲኬት አትግዙ። በቶማስ ኩክ ጊዜ የእንግሊዝ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አውሮፕላን ተከራይቶ ለሁለት ሳምንት ያህል ሰው ሲመልስ ነበር፣ በነፃ፣ አብዛኛውንም በዚያው መመለሻ ቀኑ ወይም ከዚያ ብዙም ሳይርቅ።

ሆቴሉ «ድርጅታችሁ አልከፈለንም፣ እናንተ ክፈሉ» ካለ ሰርተፍኬቱን አሳዩና ፈንዱ ጋ ደውሉ፤ ሳታጣሩ ሁለተኛ አትክፈሉ። ግድ ከሆነም በካርድ ይሁን፣ ለምን እንደከፈላችሁ የተጻፈበት ደረሰኝም ያዙ። ቱኒዚያ ሃማመት ውስጥ ቶማስ ኩክ ሊዘጋ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ ሆቴል በሩን ዘግቶ፣ ዘበኛ አቁሞ፣ እንግዶቹን ካልከፈላችሁ አትወጡም ብሎ ነበር።

ነውር ነው። ግን የሆቴሉንም ወገን እዩት። አስጎብኚ ድርጅቶች ለሆቴል የሚከፍሉት ብዙ ጊዜ እንግዳው ከሄደ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ነው። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ሲዘጋ የጁላይና የኦገስት ሒሳብ፣ ማለትም የዓመቱ ዋና ገቢ፣ ገና አልተከፈለም። እንግዳው የበላው ተበልቷል፣ አንሶላው ታጥቧል፣ የሠራተኛው ደሞዝ ወጥቷል። አቶል ለእንግዳው እንጂ ለሆቴሉ ያለፈ ሒሳብ አይደርስለትም። ጋምቢያ ደግሞ የቱሪስት ወቅቷ የሚጀምረው ልክ ከዚያ በኋላ ስለነበር ችግሩ የቀረ ሒሳብ ብቻ አልነበረም፤ እንግዳውን የሚያመጣው አውሮፕላንም አብሮ ጠፋ። ባሕር ዳርቻ ላይ ፍራፍሬ የሚሸጠው፣ ታክሲ ነጂው፣ አስጎብኚው ልጅ፣ ማንም የሚክሳቸው የለም። ስለዚህ እዚያው ተይዛችሁ ከቀራችሁ ከሆቴሉ ወጣ ብላችሁ ብሉ፣ አስጎብኚውን ልጅም በእጁ ክፈሉት።

ላሊበላ ወይም ባሕር ዳር ሆቴል ያላችሁም ከዚህ የምትወስዱት አለ። ከውጭ ድርጅት ጋር ስትዋዋሉ ግማሹን ከእንግዳው በፊት ተቀበሉ፣ ዱቤው የት ድረስ እንደሆነ በውሉ ጻፉ፣ ያለፈው ቡድን ሒሳብ ሳይገባ የሚቀጥለውን አታስገቡ። ይቀየማሉ ብላችሁ አትፍሩ፣ የሚከፍል ድርጅት አይቀየምም።

ከተመለሳችሁ በኋላ

ውሉን፣ ሰርተፍኬቱን፣ የባንክ መግለጫውንና ደረሰኞቹን ሁሉ አንድ ላይ አድርጉ። ከድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ የምትፈልጉትን ቶሎ ስክሪንሾት አንሱ፣ ሊዘጋ ይችላል። ማመልከቻውን በራሱ በፈንዱ ድረ ገጽ ሙሉ። ፓኬጅ ካልሆነ ደግሞ ባንካችሁ ጋ ሂዱ።

ገንዘባችሁን እናስመልስላችሁ ብለው የሚደውሉ አይጠፉም፤ ቶማስ ኩክ በወደቀ ሰሞንም አጭበርባሪዎች ይኸው ነበር ሥራቸው። ፈንዱ ገንዘብ ለመመለስ የአገልግሎት ክፍያ አይጠይቅም፣ የካርዳችሁን የሚስጥር ቁጥርም አይፈልግም። የደወለው ሰው ይህን ከጠየቀ ስልኩን ዝጉበት።