ስላየነው ፊልም ስንናገር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ቤታችን ውስጥ በሁለት ተከታታይ ምሽቶች ሁለት ፊልሞች አየን፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው «ፍሎው» የተሰኘ አኒሜሽን ሲሆን፣ ሌላው ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 ሮም ውስጥ የሠራው «የቢስክሌት ሌቦች» ነው። ሁለቱም ካለቁ በኋላ ቡና ላይ የተባለውን፣ የራሴንም ጭምር፣ መለስ ብዬ ሳስበው ፊልሞቹን ብዙ ቦታ ላይ እንደበደልናቸው ተረዳሁ።

የመጀመሪያውና ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ወርቁን ከሰሙ ማስቀደም ነው። እነ ዋሸራና እነ ጎንጅን የመሳሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ያደገ ሰው ከነገር ሁሉ በስተጀርባ ሌላ ነገር መፈለጉ ጸጋው ነው፤ ፊልም ሲያይ ግን ይኸው ጸጋ ያስቸኩለዋል። የቢስክሌት ሌቦች እንዳለቀ ከመካከላችን አንዱ «መልእክቱ ድኻ ፍትሕ የለውም ነው» አለ፤ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅንና ጨዋታው እዚያው ላይ ቆመ። ሰሙን ግን ገና አልነካነውም ነበር። በፊልሙ ውስጥ ሚስትየው የባሏን ቢስክሌት ከመያዣ ለማስለቀቅ የአልጋዋን አንሶላ ገፍፋ ትወስዳለች፤ የመያዣ ቤቱ ሠራተኛም ጥቅሉን ይዞ ወደ ላይ በተደራረበው መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ካሜራው አብሮት ቀና ይላል፤ መደርደሪያውን የሞላው የሌላ ሰው አንሶላ ነው። በዚያ ከተማ ስንት ቤተሰብ ያለ አንሶላ እንደሚያድር ማንም ሳይናገር ይታየናል። እኔን ያስለቀሰኝ ይህ ነበር፤ መልእክቱ ሲነገር ግን ዓይኔ ደረቅ ነበር። አስተያየት የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ ያየውን እንዳየው ይንገረን፤ ትርጓሜው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሁለተኛው አኒሜሽንን «የልጆች ነው» ብሎ መተው ነው፤ ይህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፍሎውን ለስምንት ዓመቷ የእኅቴ ልጅ ከፍቼላት ወደ ሥራዬ ሄድሁ፤ ስመለስ ጎርፉ ምድሩን ውጦ፣ ድመቷ በአንድ ግዙፍ ሐውልት ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ነበር። «ምን አለች?» ብዬ ብጠይቃት ልጅቱ ዓይኗን ሳትነቅል «ጋሼ፣ ጆሮዋን ተመልከት» አለችኝ። በእርግጥም በፊልሙ ውስጥ አንድም ንግግር የለም፤ እንስሳቱ እንደ እንስሳ ይጮኻሉ እንጂ እንደ ሰው አያወሩም፤ ስለዚህ ፍርሃቱም መተማመኑም የሚነበበው ከጆሮ፣ ከጅራትና ከአረማመድ ነው። የላትቪያው ዳይሬክተር ጊንትስ ዚልባሎዲስ ሥራውን ያከናወነው ብሌንደር በተባለ፣ ማንም በነፃ አውርዶ ሊጠቀምበት በሚችል ሶፍትዌር ሲሆን፣ ፊልሙ በ2025 የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ ይህን ለባሕር ዳርና ለደብረ ማርቆስ ወጣቶች ደግሜ ደጋግሜ መንገር እወዳለሁ።

ሦስተኛው በትርጉም ያየነውን ፊልም ዋናው ፊልም ነው ብለን መፍረድ ነው። ተራኪው ዝምታውን ሁሉ በራሱ ድምፅ ከሞላው በኋላ ፊልሙ አሰልቺ ነው ማለት አግባብ አይደለም፤ ጸጥታ የፊልሙ አካል ነው።

የቆየ ድራማን «ተዋናዩ ድርቅ ያለ ነው» ብሎ መንቀፍም የተለመደ ነው። የቢስክሌት ሌቦች ዋና ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ ከፋብሪካ የመጣ ሠራተኛ እንጂ በትወና የሠለጠነ ሰው አልነበረም፤ ዴ ሲካም የፈለገው እጁን የት እንደሚያደርገው የጨነቀውን እንዲህ ያለውን ሰው ነው። እኔ በዚያ ድርቀት ውስጥ ሥራ ፈልጎ ከበር የተመለሰ የማውቀውን ሰው አየሁበት።

«ከሁለቱ የቱ ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያነጋግርም፤ አንዱ የተሣለ ውኃ ነው፣ ሌላው የእውነት ጎዳና ነው።

የመጨረሻው ፍጻሜውን ላላየ ሰው መንገር ነው። በሮሙ ፊልም መደምደሚያ ላይ የልጁ እጅ የሚያደርገውን እዚህ ያልጻፍሁት ስለዚህ ነው።