«ስንት በመቶ?» ከማለትህ በፊት «የምኑ?» በል

የሱቅና የምግብ ቤት ሂሳብ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። መደመርና መቀነስ ያቃተው ነጋዴ አላየሁም። ፐርሰንት ላይ ሲደርስ ግን ጎበዝ የተባለውም ይወላገዳል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ከዋጋ ውስጥ ቫት ማውጣት ነው። ዕቃው ቫትን ጨምሮ 1,150 ብር ተሸጠ እንበል። ቫቱ ስንት ነው? ነጋዴው ካልኩሌተሩን ያነሳና የ1,150ን 15 በመቶ አስልቶ 172 ብር ከ50 ይለኛል። አይደለም! 15 በመቶው የተጨመረው 1,000 ብሩ ላይ ነው። እጅህ ላይ ያለው እኮ 100 እጅ ሳይሆን 115 እጅ ነው። ለ1.15 ታካፍላለህ፣ 1,000 ይመጣል፣ ቀሪው 150 ቫት ነው፤ አለቀ። አንድ ልጅ የሦስት ወር ሽያጩን በደብተር መዝግቦ አመጣልኝ። ጽሕፈቱ ሲያምር! ሁሉም መስመር ግን ስህተት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሁለት ሁለት ጊዜ ነው ያሰላሁት» አለኝ። እሺ፣ በል ከ1,150 ላይ 172 ብር ከ50 ቀንሰህ ያገኘኸው 977 ብር ከ50 ላይ 15 በመቶ ጨምርበት አልኩት። 1,124 ብር ከምናምን ሳንቲም ወጣ። «26 ብር ገደማ የት ገባች?» ስለው አንገቱን ደፋ። አሳዘነኝም፣ አሳቀኝም።

ምግብ ቤት ያላችሁ፣ 10 በመቶ ሰርቪስና 15 በመቶ ቫት ተደምረው 25 አይሆኑም። ቫቱ ሰርቪሱም ላይ ይሰላልና የ100 ብር ምግብ 126 ብር ከ50 ይገባል።

25 በመቶ ጨምረህ መልሰህ 25 በመቶ ብትቀንስ የ1,000 ብሩ ዕቃ 937 ብር ከ50 ላይ ነው የሚያርፈው፤ ቅናሹ የሚሰላው 1,250 ላይ ነዋ።

የጡረታ መዋጮ ላይ አበሉን ሁሉ ደምረው የሚያሰሉም አሉ። የሠራተኛው 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ የሚታሰበው መሠረታዊ ደመወዙ ላይ ነው።

ሌላው «በመቶ» እና «የመቶኛ ነጥብ» ናቸው። በ2010 ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ሲያደርሰው ሰው ሁሉ «2 በመቶ ጨመረ» አለ። የጨመረው 2 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ በመቶ ካልክማ 40 በመቶ ነው፣ 5 ላይ 2 ተጨምሯላ። ደግሞ ያ 7 በመቶ የዓመት ነው። 10,000 ብር አስቀምጦ በወሩ 700 ብር ጠብቆ ከባንኩ ሠራተኛ ጋር የተጨቃጨቀ ደንበኛ አለኝ።

ዶላርም እንደዚያው ነው። 57 ብር የነበረው 114 ሲገባ ዶላር 100 በመቶ ጨመረ፤ ብሩ ግን የወደቀው 50 በመቶ ነው። 100 በመቶ ቢወድቅማ ኖሮ ዋጋ የሚባል ነገር ባልቀረው።

የራሴንም ልናገር። ከአጎቴ ልጅ ጋር ትንሽ ንግድ ጀመርን። እሱ ይሸጣል፣ እኔ ገንዘብ አወጣሁ፣ ድርሻዬ 10 በመቶ። ዓመቱ ሲያልቅ ሽያጩ 500,000፣ የተጣራው ትርፍ 60,000 ብር ሆነ። እኔ 50,000 ስጠብቅ እሱ 6,000 ብር በፖስታ ይዞልኝ መጣ። እኔ ከሽያጩ፣ እሱ ከትርፉ ነበር ያሰበው። ውሉን አወጣነው። «10 በመቶ» ይላል፣ የምኑ እንደሆነ ግን አንድ ቃል የለውም። የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ።