የካውንቲዎችን የሞት ምጣኔ ስታወዳድሩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ባለፈው ወር አንዲት የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ የሜሪላንድን ካርታ ሠርታ አመጣችልኝ። 23ቱ ካውንቲዎችና ባልቲሞር ከተማ በየቀለማቸው ተሞልተዋል። ደማቅ ቀዩ ሞት የበዛበት፣ ነጣ ያለው ያነሰበት ነው። እንቅልፍ አጥታ እንደሠራችው ዓይኗ ይናገራል። ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ካሉት ትንንሽ ካውንቲዎች አንዷ ከሁሉም በላይ ቀልታለች።

"እዚህ ስንት ሰው ሞቶ ነው?" አልኳት።

"በመቶ ሺህ..." ብላ ጀመረች።

"እሱን አይደለም። ሰው፤ ስንት ሰው?"

ዝም አለች። ፋይሉን ከፍተን አብረን ቆጠርን። አራት።

በዚህ ሥራ ረጅም ጊዜ ቆይቻለሁ። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደጠየቅኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። አሁን አሁን በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ የእኛ ልጆች ይህን ሙያ ይማራሉ። ማኅበሮቻችንም የድጋፍ ማመልከቻ ሲጽፉ "በካውንቲያችን ሞት ይህን ያህል ነው" ማለት ጀምረዋል። ይህ በጣም ደስ ይለኛል። ስለዚህ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልጻፍላችሁ። ምጣኔ እንዴት እንደሚሰላ ግን አልገባበትም፤ እሱን ታውቃላችሁ።

በአራት ሰው ካውንቲ ላይ መፍረድ

ይህን ስህተት ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

ኬንት ካውንቲ የሜሪላንድ ትንሿ ካውንቲ ናት። በ2020 ቆጠራ 19,198 ሰው ነበራት። እዚያ አንድ ሰው ሲሞት የመቶ ሺህ ምጣኔው (ከመቶ ሺህ ሰው ስንቱ እንደሞተ) በ5.2 ከፍ ይላል። አንድ ሰው ብቻ! ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ 1,062,061 ሰው ነበራት። እዚያ አንድ ሰው ቢሞት ምጣኔው በ0.1 እንኳ አይነቃነቅም። ሁለቱን በአንድ የቀለም መለኪያ ላይ ካስቀመጣችሁ ካርታው የሚያሳየው የሕዝብ ብዛትን ነው፤ ስለ ጤና የሚነግራችሁ ትንሽ ነው።

በአማካይ በዓመት 3 ሰው በአንድ በሽታ የሚሞትበትን ቦታ አስቡ። ዘንድሮ 1፣ ለከርሞ 6 ቢሆን ምንም አዲስ ነገር አልተፈጠረም። ዕድል ብቻውን ይህን ያደርጋል። ጋዜጣው ግን "ሞት በስድስት እጥፍ ጨመረ" ይላል። ባለሥልጣኑ ስብሰባ ይጠራል። እናቶች ውሃው ተበክሎ ይሆን እያሉ ይጨነቃሉ። ሰው በከንቱ ማስፈራት ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። በአሜሪካ በኩላሊት ካንሰር ሞት ዝቅተኛ የሆኑት ካውንቲዎች ተለይተው ሲታዩ አብዛኞቹ ሕዝባቸው ጥቂት የሆነ ገጠሮች ናቸው። አንድ ሰው ይህን አይቶ "ንጹሕ አየር፣ ትኩስ ምግብ" ሊል ይችላል። ከፍተኛ የሆኑት ሲታዩስ? እነሱም ሕዝባቸው ጥቂት የሆነ ገጠሮች ናቸው። ትንሽ ሕዝብ ያለው ቦታ አንዴ ጣሪያ ይነካል፣ አንዴ ወለል ላይ ይወድቃል።

ቁጥሩን በእጃችሁ እንድትይዙት፦ በአንድ ዓመት 10 ሰው ከሞተ፣ የዚያ ቦታ የተለመደ የዓመት ቁጥር ከ5 እስከ 18 ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። 20 ከሆነ ከ12 እስከ 31። 100 ሲደርስ ከ81 እስከ 122። ሲዲሲ ወንደር (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የመረጃ ድረ ገጽ) ከ20 ሞት በታች የተሰላ ምጣኔን "የማይታመን" ብሎ ምልክት የሚያደርግበት ምክንያቱ ይህ ነው። ያንን ምልክት ሰርዞ ካርታ የሚሠራ ሰው ስንቱን አየሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የአምስት ዓመት ሞት ደምሩ። ያም ካልበቃ ጎረቤት ካውንቲዎችን አንድ ላይ አድርጉ። ኬንት፣ ክዊን አንስ፣ ካሮላይን፣ ታልቦትና ዶርቼስተር ሚድ ሾር ተብለው በአንድነት ይታያሉ፤ ብዙ ነገር ይጋራሉ። እንዲህ ስታደርጉ ዝርዝሩ ይጠፋል፣ እውነት ነው። ግን የጠፋው ዝርዝር መጀመሪያውኑ አልነበረም።

የዚሁ ስህተት ልጅ የሆነ ሌላም አለ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ በአንድ ዓመት ቁጥር "የመጨረሻዎቹን" ካውንቲዎች መርጦ ፕሮግራም ጀመረላቸው። በሚቀጥለው ዓመት የሁሉም ምጣኔ ቀነሰ። ጭብጨባ ሆነ። ፕሮግራሙ ያልደረሳቸው ትንንሽ ካውንቲዎችም፣ በዚያ መጥፎ ዓመት ከፍ ብለው የነበሩት፣ እኩል ቀንሰው ነበር። ማንም አላያቸውም። በመጥፎ ዓመቱ የተመረጠ በአብዛኛው በሚቀጥለው ዓመት ወደ ወትሮው ይመለሳል። ያ ገንዘብ በእውነት ለተቸገረ ካውንቲ ሳይደርስ ቀረ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የተደበቀን ቁጥር ዜሮ ማድረግ

ይህን እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ።

ሲዲሲ ወንደር ለካውንቲ ከ10 በታች የሆነ የሞት ቁጥርን ይደብቃል። በትንሽ ቦታ ሁለት ሰው ሞተ ከተባለ እነማን እንደሆኑ ጎረቤት ሁሉ ያውቃልና። በቁጥሩ ቦታ "ሰፕረስድ" (የተደበቀ) የሚል ቃል ይመጣል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ፋይሉን ወደ ኤክሴል አስገባሁ። ቃሉ ያለባቸውን ሳጥኖች ቁጥር እንዲሆኑ ስቀይራቸው ዜሮ ሆኑ። እኔም በአንድ የካውንቲ ስብሰባ ላይ ቆሜ "በዚህ በሽታ እዚህ የሞተ የለም" አልኩ።

ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አነሣች። "ወንድሜ በዚህ ነው የሞተው" አለች። አልተቆጣችም። ድምፅዋ ግን አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ሳላደርግ ሠንጠረዥ አልለቅም። የካውንቲዎቹን ሞት ደምሬ ከስቴቱ ጠቅላላ ቁጥር ጋር አስተያየዋለሁ። ካልገጠመ የጠፋው ሰው የት እንዳለ እፈልጋለሁ። እናንተም የተደበቀውን ሳጥን ባዶ ተዉት፣ ወይም በሰረዝ አሳዩት። ዜሮ አትጻፉበት።

ዕድሜን መርሳት

እድር ውስጥ ላለ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። አዛውንቶች የበዙበት እድር በዓመት ብዙ ጊዜ ድንኳን ይጥላል። ወጣቶች ያቋቋሙት እድር ገንዘቡን ባንክ አስቀምጦ ይከርማል። "የአዛውንቶቹ ሰፈር ይገድላል" የሚል የእድር ጸሐፊ ግን የለም።

በካውንቲ ሲሆን ይህን እንረሳዋለን። ዎርስተርና ታልቦት ጡረተኞች የሚበዙባቸው ናቸው። ሞንትጎመሪ ከእነሱ በዕድሜ ያነሰ ሕዝብ አላት። ጥሬውን፣ ዕድሜ ያልታየበትን ምጣኔ ካወዳደራችሁ ዎርስተር ሁሌም የባሰች ትመስላለች።

በምሳሌ እንየው። እያንዳንዳቸው 100,000 ሰው ያላቸው ሁለት ካውንቲዎች አሉ እንበል። በሁለቱም ከ65 በታች ያለው ሰው በዓመት በመቶ ሺህ 200፣ ከዚያ በላይ ያለው 4,000 ይሞትበታል። ልዩነት የለም፤ አንድ ናቸው። የመጀመሪያው 15 በመቶ ሕዝቡ አዛውንት ነው፤ 770 ሰው ይሞታል። ሁለተኛው 30 በመቶ አዛውንት ነው፤ 1,340 ይሞታል። የጤና ልዩነት ሳይኖር በእጥፍ የሚጠጋ ክፍተት መጣ።

ስለዚህ በዕድሜ የተስተካከለውን ምጣኔ ውሰዱ፤ የሁሉም ካውንቲ የዕድሜ ስብጥር አንድ ቢሆን የሚወጣው ቁጥር ማለት ነው። በአሜሪካ ማስተካከያው የ2000 መደበኛ ሕዝብ ነው፤ ከ1999 ሞት ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው እሱ ነው። ከዚያ በፊት የታተሙ ሪፖርቶች በአብዛኛው በ1940 ሕዝብ የተስተካከሉ ናቸው። የድሮ ሪፖርት ላይ ያገኛችሁትን ቁጥር ከዛሬው አጠገብ አትለጥፉ።

ጥሬውንም ግን አትጣሉት። የሬሳ ማቆያም ሆነ የሆስፒታል አልጋ የሚታቀደው በእውነተኛው የሰው ቁጥር ነው።

ባልቲሞርና ባልቲሞር

ባልቲሞር ከተማ ባልቲሞር ካውንቲ ውስጥ አይደለችም። ከ1851 ጀምሮ ተለያይተዋል። በፊፕስ ኮድ (ለየካውንቲው በተሰጠው የመንግሥት መለያ ቁጥር) ካውንቲው 24005፣ ከተማዋ 24510 ናት። በ2020 ካውንቲው 854,535፣ ከተማዋ 585,708 ሰው ነበራቸው። የአንዱን ሞት በሌላው ሕዝብ ያካፈለ ሥራ አይቻለሁ፤ የወጣው ቁጥር ትክክል ስለሚመስል ማንም አልጠረጠረውም። በስም ሳይሆን በኮድ አገናኙ።

የፖስታ አድራሻም ያሳስታል። የባልቲሞር ካውንቲ ነዋሪ ብዙ ጊዜ ደብዳቤው የሚደርሰው "ባልቲሞር" ተብሎ ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ ይብሳል። 95 ካውንቲዎችና 38 ከካውንቲ ውጭ የሆኑ ከተሞች አሏት። አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ሐበሾች ይህን ታውቁታላችሁ፤ አድራሻው አሌክሳንድሪያ የሚል ስንቱ ቤት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ወሰንም ይለወጣል። ታኮማ ፓርክ እስከ 1997 ድረስ ለሞንትጎመሪና ለፕሪንስ ጆርጅስ ተከፍላ ነበር፤ ከዚያ ጠቅላላዋ ወደ ሞንትጎመሪ ገባች።

የሞተበትን ከኖረበት መቀላቀል

የሚቆጠረው የኖረበት ነው። ትልልቅ ሆስፒታል ያለበት ቦታ በሞተበት ከተቆጠረ ሁሌም ሲኦል ይመስላል። ድንበር ላይ ላሉ ካውንቲዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ነዋሪ ዋሽንግተን ዲሲ ሆስፒታል ሊሞት ይችላል። መዝገቡ ከዲሲ ወደ ሜሪላንድ እስኪላክ ጊዜ ይወስዳል። ቶሎ የወጣ መረጃ ላይ እነዚህ ካውንቲዎች ከእውነታው የተሻሉ ይመስላሉ።

ሶመርሴት ካውንቲን ስታዩም እዚያ ትልቅ የስቴት ማረሚያ ቤት እንዳለ አትርሱ። ወደ 24,600 ከሚሆነው ሕዝቧ ውስጥ ታሳሪዎቹ ይቆጠራሉ። ታሕቱ (የምታካፍሉበት የሕዝብ ብዛት) የማን እንደሆነ ሳታውቁ አታካፍሉ።

የዓመታት ጉዞ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

በ1999 የሞት ምክንያት አመዳደብ ከአይሲዲ 9 ወደ አይሲዲ 10 (ዓለም አቀፉ የበሽታዎች መመደቢያ 9ኛና 10ኛ እትም) ተለወጠ። በዚህ ብቻ የአልዛይመር ሞት 55 በመቶ ያህል ጨመረ፣ የኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች ሞት 30 በመቶ ያህል ቀነሰ። ሕመምተኛው ያው ነው፤ የሚጻፍበት ሣጥን ነው የተለወጠው። መስመራችሁ 1998ን ከ1999 ጋር ካገናኘ ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት ከማውራታችሁ በፊት ይህን ተናገሩ።

የሚመቻችሁን መነሻ ዓመት አትምረጡ። ከ2021 ጀምሮ "ሞት ቀነሰ" ማለት በአብዛኛው ኮቪድ ቀነሰ ማለት ነው። የመጨረሻውን ዓመትም አትመኑት። በተለይ የፈንታኒልና የሌላ አደንዛዥ ዕፅ ሞት የላቦራቶሪ ውጤት ስለሚጠብቅ ወራት ይቆያል። በግራፉ መጨረሻ የምታዩት ቁልቁለት ብዙ ጊዜ ገና ያልተዘጋ ፋይል ነው። ያንን የመስመሩን ክፍል በነጠብጣብ አሳዩት።

የሕዝብ ግምትም ከእያንዳንዱ ቆጠራ በኋላ ይታረማል። 2020 ላይ ምጣኔው በድንገት ከዘለለ ወይም ከወረደ ከኮቪድ ሌላ ታሕቱንም ጠርጥሩ።

የአሟሟት ምክንያት የሚወስነው ማን እንደሆነም ጠይቁ። ሜሪላንድ ለጠቅላላው ስቴት አንድ የሕግ ሕክምና መርማሪ ቢሮ ስላላት ካውንቲዎቿን ማወዳደር ይቀላል። ፔንስልቬንያ ግን ይህ ሥራ በየካውንቲው ነው፤ በአብዛኛው በምርጫ በተሾመ ሰው ይሠራል። እዚያ የምታዩት የካውንቲ ልዩነት የጸሐፊው ልዩነት ሊሆን ይችላል።

አንድ የስታቲስቲክስ ነጥብ፦ ሁለት ኮንፊደንስ ኢንተርቫሎች (ከላይ እንዳየነው "ከ5 እስከ 18" ያሉ ክልሎች) ስለተነካኩ ብቻ "ልዩነት የለም" አትበሉ። ልዩነቱን ራሱን አስሉት።

"ጥቁር" የሚለውን ሣጥን አንድ ሕዝብ ማድረግ

ይህ እኛን በቀጥታ ይነካናል። በሞንትጎመሪ "ጥቁር" ተብሎ የሚቆጠረው ውስጥ ከኢትዮጵያ፣ ከካሜሩን፣ ከካሪቢያን የመጣ ብዙ ሰው አለ። ባልቲሞር ከተማ ውስጥ ያለው በአብዛኛው እዚህ ለብዙ ትውልድ የኖረ፣ የቤት መድልዎንና የፋብሪካ መዘጋትን ያሳለፈ ቤተሰብ ነው። ወደ ሌላ አገር የሚሰደድ ሰው በአብዛኛው ጤነኛው ነው። ሁለቱን አወዳድሮ "የካውንቲው የጤና ቢሮ ጎበዝ ነው" ማለት ለባልቲሞሩም ለእኛም በደል ነው። የእኛም የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የጉበት ችግር በትልቁ ቁጥር ውስጥ ተውጦ ይቀራል።

የሞት የምስክር ወረቀት ላይ የትውልድ አገር ይጠየቃል። ይህን የሚሞላው የቀብር አስፈጻሚው ነው፤ የሚጠይቀውም ቤተሰቡን ነው። ያ ሰዓት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ቤት ለቅሶ ሞልቷል፣ ስልክ አያርፍም፣ ማንም ወረቀት ማየት አይፈልግም። እንዲያም ሆኖ ከቤተሰቡ ረጋ ያለ አንድ ሰው ይቀመጥና መልሱን ይስጥ። የኖረበትን ካውንቲ በትክክል ተናገሩ፤ "ሲልቨር ስፕሪንግ" ብቻ ብላችሁ አትተዉት፣ "ሞንትጎመሪ" በሉ። የት ተወለደ ሲባልም "አፍሪካ" ብላችሁ አትለፉ። "ኢትዮጵያ" በሉ፤ ሲጽፈውም እዩት።