የሳይንስ ላይብረሪ ዜናና ፕሮግራም ሰው እንዲመጣለት ምን ይደረግ

እኔ ግቢ እያለሁ ሁለት አመት የሳይንስ ላይብረሪያችን ክበብ ውስጥ ነበርኩ፣ ፖስተር መለጠፍ፣ ወንበር ማመላለስ፣ የቴሌግራም ቻናል መያዝ ሁሉም እኛው ላይ ነበር። የመጀመሪያው ፕሮግራማችን ላይ የመጣው ሰው ስንት መሰላችሁ፣ አራት። ከአራቱ ሁለቱ ደሞ ፕሮግራም መኖሩንም አያውቁም፣ ጠረጴዛ ላይ ደብተር ጥለው ቦታ ይዘው ምሳ ሄደው ሲመለሱ እኛ ከበነው አገኙን፣ አፍረው ቁጭ አሉ። አሁን ክበቡን የተረከባችሁ ልጆች ስለጠየቃችሁኝ የሰራውንም ያልሰራውንም ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ዜናው። "አዳዲስ መጻሕፍት ስለገቡ ተማሪዎች እንድትጠቀሙ እናሳስባለን" የሚል ማስታወቂያ ማንም አያነብም፣ እኔም አላነብም። የትኛው መጽሐፍ፣ ስንት ኮፒ፣ የትኛው ሼልፍ ላይ፣ ወደ ዶርም ይወጣል ወይስ እዛው ብቻ ነው የሚነበበው፣ በቃ ይሄን ጻፉ። ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር እንዲታይ አድርጋችሁ በስልክ አንሱት፣ ፍሬሽ ሆኖ የመጣ ልጅ ያ ቁጥር ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው የለም እኮ። ላይብረሪያችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚደረድር ከሆነ ሳይንስ ኪው (Q) ነው፣ ኪውኤ ሒሳብ፣ ኪውሲ ፊዚክስ፣ ኪውዲ ኬሚስትሪ። በቁጥር ከሆነ ደሞ 510 ሒሳብ፣ 530 ፊዚክስ፣ 540 ኬሚስትሪ። ይቺን ቻናሉ ላይ ፒን አድርጓት።

ሰዓት ስትጽፉ ተጠንቀቁ። አንዴ "8 ሰዓት" ብለን በእንግሊዝኛ ፖስተር ለጠፍን፣ አንድ ህንዳዊ መምህራችን በሳቸው 8 ሰዓት፣ ማለት በኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ የተዘጋ በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። ሲቀልዱ ከረሙብን። ከዛ በኋላ "ከሰዓት በኋላ" ብለን በቃል እንጽፋለን፣ በእንግሊዝኛው ላይ ደሞ በፈረንጅ ሰዓት።

ቴሌግራም ላይ ቻናሉንና ግሩፑን ለዩ። ቻናል ዜና ብቻ፣ ወሬውና "ሃንድአውት ያለው" ምናምኑ ግሩፕ ላይ። ወረቀት ግን አትተዉ፣ መብራትም ኔትወርክም የሚጠፋበት ቀን አለ። የት ትለጥፉታላችሁ ነው ጥያቄው፣ ኖቲስ ቦርድ ላይ የአምና ውጤት ሳይነሳ ስለሚቆይ እዛ የተለጠፈ ነገር የሞተ ነው። እኛ ያገኘነው ምርጥ ቦታ ቦርሳ የሚቀመጥበት ሰልፍ ነው፣ ሰው እዛ ቆሞ የሚያየው ነገር ስለሌለው የግዱን ያነባል።

ግሩፑ ላይ ሁሌ "የዚህን መጽሐፍ ፒዲኤፍ ላኩልኝ" የሚል አለ። ከመከራከር ሪሰርች ፎር ላይፍን አስተምሩት። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚያገኙት አገሮች ውስጥ ናት፣ ተቋማችሁ ከተመዘገበ ሂናሪ (የጤናው)፣ አጎራ (የግብርናው) የሚባሉትን ጨምሮ የብዙ አሳታሚዎችን ጆርናልና መጽሐፍ ትከፍታላችሁ፣ ፓስወርዱ ያለው ላይብረሪያኗ ጋ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሰሩ አራተኛ አመቶች አንድ ከሰዓት ቁጭ ብላ ብታሳያቸው ከአስር ፖስተር ይበልጣል። ታዲያ ላይብረሪያኗን እትዬን ቀድማችሁ በሰላም ጊዜ ተዋወቋቸው፣ ፕሮግራም ሲደርስ ብቻ ደብዳቤ ይዞ መሮጥ ያስጠላል። ደብዳቤው ራሱ ከዲፓርትመንት ተነስቶ ማህተም አግኝቶ እስኪመለስ ጊዜ ይፈጃል፣ ሦስት ሳምንት ቀደም በሉ።

አሁን ፕሮግራሙ። ትልቅ እንግዳ፣ ትልቅ አዳራሽ፣ ባነር የሚባለውን እርሱት፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። ለኛ የሰራልን አንድ ጠረጴዛ ነው። ከገበያ የደረቀ እንዶድ ገዛን፣ ወቀጥነው፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ጨምረን ሰርኩሌሽን ዴስኩ (መጽሐፍ የሚዋሱበት) አጠገብ አስቀመጥን፣ "ነቅንቀኝ" ብለን ጻፍንበት። የነቀነቀው ሁሉ አረፋው እስከ ክዳኑ ሲሞላ ያያል፣ ያ ሳፖኒን ነው፣ እንደ ሳሙና የሚያረፋ የተክል ንጥረ ነገር። ጎኑ ላይ ታሪኩን በአንድ ገጽ አደረግን፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በፈረንጆች አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ትንሽ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ፣ ቀንድ አውጣው ደሞ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነው። ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ሆነው በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት በዚሁ ነው። ከስሩ "የተክሉን ሳይንሳዊ ስም ከሪፈረንስ ክፍል ፈልጋችሁ አምጡ፣ እስክሪብቶ አለው" አልን። በዛ ሳምንት ስምንት ጥራዝ የሆነው የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ (የእፅዋቱ መዝገብ)፣ በፈረንጆች ከ1980 እስከ 2009 የተለፋበት፣ አቧራው ተራገፈ። መልሱ ፊቶላካ ዶዴካንድራ ነው፣ እንግዲህ እናንተ ሌላ ተክል ፈልጉ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አራት ኪሎ ሳይንስ ግቢ ውስጥ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ስብስብ) አለ፣ የእንስሳት ሙዚየምም አለ፣ በትህትና ከጠየቃችሁ የሚያስረዳችሁ አታጡም።

የፓይ ቀን መጋቢት 5 ነው፣ በፈረንጆቹ 3/14 ስለሆነ፣ ዩኔስኮም በፈረንጆች ከ2019 ጀምሮ የሒሳብ ቀን ብሎታል። በኛ አቆጣጠር ግን 14/3 ህዳር 14 ነው እኮ! ስለዚህ እኛ ሁለት ፓይ ቀን አለን፣ ህዳር ላይ ደሞ ሚድ ገና ካልጀመረ ሰው ዘና ብሎ ይመጣል። ክርና ማስመሪያ ስጧቸው፣ የሻይ ብርጭቆ፣ ሰሃን፣ የምግብ አዳራሽ ክብ ትሪ ይለኩና ዙሪያውን በመሃል ስፋቱ ያካፍሉ። ከ3.14 በጣም የራቀው ነው መሳቂያው።

ሌላ አሁኑኑ የምትይዙት ቀን፣ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 26 ቀን 2019 የፀሐይ ግርዶሽ አለ፣ ኢትዮጵያ ላይ በከፊል ይታያል። የሰኔ 14 ቀን 2012ቱን፣ ላሊበላ ላይ ቀለበት የሆነውን፣ የምታስታውሱ ታውቃላችሁ። ችግሩ ሐምሌ ላይ ግቢው ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ክረምት ስለሆነ ደመናም አለ፣ ስለዚህ ወደ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ሰኔ ላይ አንድ ወርክሾፕ አድርጉ። ካርቶን በመርፌ በስተው በቀዳዳው የሚያልፈውን የፀሐይ ምስል መሬት ላይ ማየት ይለማመዱና ለሰፈራቸው ልጆች ያሳዩ። ፀሐይዋን በራጅ ፊልም ማየት የለም፣ በተራ የፀሐይ መነፅርም የለም፣ ይሄን ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

የመጨረሻው ነገር፣ የቻናሉ ኦነር ተመራቂ ከሆነ ባለቤትነቱን አሁን አስተላልፉ። ቴሌግራም ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ተጨማሪው ፓስወርድ) ተከፍቶ 7 ቀን ካልሞላው አያስተላልፍም፣ ስለዚህ የምርቃት ዋዜማ ላይ ማሰብ አይሰራም። የኛ የድሮው ቻናል 900 ምናምን ሰው ይዞ እስከዛሬ ደሴ ያለ አንድ ልጅ ሲም ላይ ነው፣ ሲሙ ደሞ ጠፍቶበታል።