ውሃ የሌለው የጃፓን መናፈሻ በባሕር ዳር ግቢ

በድንጋይና በጠጠር ብቻ የሚሠራው የጃፓን መናፈሻ ለባሕር ዳር ግቢ ይመቻል፤ ጥቁር ድንጋይ እዚህ ሞልቷል። ጠላቱ ክረምቱ ነው። መጀመሪያ የዝናቡ ውሃ ወዴት እንደሚወርድ እዩ፤ መሬቱን በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር አዘቅዝቃችሁ ደልድሉና ጠቅጥቁት። ከሥር ፕላስቲክ አታንጥፉ፤ አረም ይከላከላል ተብሎ ይነጠፍና ሐምሌ ላይ ኩሬ ይሆናል።

ድንጋዮቹን ከጠጠሩ በፊት ትከሉ። ሦስት ይበቃል፤ ቁመታቸው የተለያየ፣ በአንድ መስመር ያልተሰለፉ። የእያንዳንዱን ሲሶ ያህል ቅበሩት፤ እንዲያው መሬት ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ከጭነት መኪና የወደቀ ይመስላል። በጃፓኗ ኪዮቶ ከተማ ያለው የሪዮአንጂ ቤተ መቅደስ መናፈሻ 15 ድንጋዮች አሉት፤ በረንዳው ላይ የትም ብትቀመጡ ቢያንስ አንዱ ይሰወራል። እናንተም አንዱን በከፊል ከልሉት።

ጠጠሩ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር፣ አቧራው ታጥቦ የወጣ፣ ውፍረቱ 6 ሳንቲሜትር ይሁን። ደቃቅ አሸዋ በላዩ በመቧጠጫ የሚወጣውን መስመር አይዝም፤ አንድ ዶፍ ያጠፋዋል። ነጭ ጠጠር ፍለጋም አትድከሙ፤ በቀትር ፀሐይ ዓይን ይወጋል።

መስመሩን ሰፋ ሰፋ ያለ ጥርስ ባለው የእንጨት መቧጠጫ አውጡ፤ በድንጋዮቹ ዙሪያ ክቡን፣ ቀጥሎ ቀጥታውን፣ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ፤ አለዚያ ዱካችሁ ይቀራል። ጃካራንዳ ሥር ግን ባትሞክሩት ይሻላል፤ አበባው ጠጠሩ ውስጥ ገብቶ ይበሰብሳል።