ሎክሃርት ከሄዳችሁ አደባባዩን እንዲህ እዩት

ሰሞኑን ፒያሳ ሻይ እየጠጣን አክስቴ «ልጄ ጋ ኦስቲን ልሄድ ነው፤ ከሞል ሌላ የሚታይ ነገር አለ?» አለችኝ። አለ። እዚያው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ሎክሃርት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች።

ከኦስቲን ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ በሉት፣ የሐረጎ ጥምዝምዝ የሌለበት። መኪና ያለው ዘመድ ያዙና በሥራ ቀን፣ በጠዋት ሂዱ።

የከተማዋ አደባባይ መሃል ላይ የካልድዌል ካውንቲ ፍርድ ቤት አለ። ካውንቲ እኛ ወረዳ የምንለው ዓይነት ነው፤ ቴክሳስ ብቻዋን 254 አላት። ሕንፃው የተሠራው በ1894 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከአድዋ ድል 2 ዓመት ቀድሞ። ታዲያ ወደ በሩ አትሩጡ። መጀመሪያ አራቱንም ጎን በእግር ዙሩት፤ ሱቆቹ ፊታቸውን ወደ ፍርድ ቤቱ አዙረው ነው የተደረደሩት፣ ድሮ ገበሬው ጉዳዩን ሊያስፈጽም ሲመጣ እዚያው ሸምቶ ይመለስ ነበርና። ከዚያ ጠጋ ብላችሁ ግድግዳውን እዩ፦ ክሬም መልክ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ መሃል መሃሉን ቀይ የአሸዋ ድንጋይ። ቀና ስትሉ የሰዓት ማማው አለ። በኛ አቆጣጠር እንዳታነቡት ብቻ፣ 6 ካለ በኛ 12 ነው።

ምሳ ሥጋ ነው። ከተማዋ በጭስ በበሰለ ሥጋ የታወቀች ናት፤ እንደኛ ሥጋ ቤት በሚዛን ተመዝኖ በወረቀት ይሰጣችኋል። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ቀኑን ቀይሩ። ሙስሊም ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሐላል ላይሆን ይችላል። አክስቴ ይህን ስትሰማ «በሶዬን ይዤ እሄዳለሁ» አለች።